በኮከብ የሚለካ ቀለም፦ የፋድጂ መመሪያና የድሮ ስላይዶች

ሥነ ጽሑፋዊ ደስታ ፍለጋ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቴክኒካዊ መመሪያ የሚገልጥ አንባቢ አይኖርም። «የባህል ቅርሶችን ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ የሚያገለግሉ ቴክኒካዊ መመሪያዎች» የተባለውን የአሜሪካኖች ሰነድ ለሂስ ያቀረብሁትም በቃላቱ ተማርኬ አይደለም። አንድ የማይታለፍ ጥያቄ አለ፤ ድሮ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ይታይ የነበረ የፊልም ስላይድ ዛሬ በዲጂታል ካሜራ ሲገለበጥ «ቀለሙ ትክክል ነው» ብሎ ለመመስከር ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? በዚህ ጉዳይ ከሚጻፈው አብዛኛው የጸሐፊውን ዓይንና የሚወደውን ሶፍትዌር ከማመስገን አያልፍም። ይህ ሰነድ ግን ማስረጃ ይጠይቃል። ስለዚህ ቁም ነገር እንዳለው ማንኛውም ሥራ በአወቃቀሩ፣ በቋንቋውና በዓላማው ሊፈተሽ ይገባዋል። እኔ የምፈትሸው በአንድ በተወሰነ ዕቃ፣ በ35 ሚሊ ሜትር ስላይድ በኩል ነው።

ሰነዱን ያዘጋጀው በምኅጻረ ቃል «ፋድጂ» እየተባለ የሚጠራው፣ በ2007 የተመሠረተው የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የጋራ ቡድን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከቡድኑ አባላት መካከል ዋነኛው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው። የሥራው ሥር ግን ከቡድኑ ይቀድማል፤ በ2004 ስቲቨን ፑግሊያ፣ ጄፍሪ ሪድና ኤሪን ሮድስ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ካዘጋጁት መመሪያ ይመዘዛል። ፋድጂ ያንን አሻሽሎ በ2010 አወጣ፤ በ2016 ሌላ እትም ተከተለ፤ ሦስተኛው እትም በ2023 ታተመ። ለማንም ሰው በነጻ የተለቀቀ ነው። አንድ ሥራ ሃያ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ራሱን ሲያርም ማየት ብርቅ በመሆኑ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህ ትጋቱ ሊመሰገንለት ይገባል።

አወቃቀሩ ቀላል ነው። የሰነዱ እምብርት ሠንጠረዦች ናቸው። እያንዳንዱ ሠንጠረዥ የአንድ ዓይነት ዕቃ ነው፤ የተጠረዘ መጽሐፍ፣ ነጠላ ወረቀት፣ ጋዜጣ፣ የወረቀት ፎቶግራፍ፣ ሥዕል፣ ኔጋቲቭ፣ ስላይድ እያለ ይዘልቃል። በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ውስጥ ከአንድ እስከ አራት ኮከብ የሚደርሱ ደረጃዎች ተደርድረዋል። አንድ ኮከብ ሥዕሉ ምን እንደሆነ ለማመልከት ብቻ የሚበቃ ቅጂ ነው፤ ሦስት ኮከብ ለአብዛኛው አገልግሎት የሚሆን የባለሙያ ሥራ ነው፤ አራት ኮከብ የዘመኑ ቴክኖሎጂ ሊደርስበት የሚችለው ጫፍ ነው። ከሠንጠረዦቹ ጋር የእያንዳንዱን መለኪያ ምንነት የሚያብራራ ሰፊ ቴክኒካዊ ክፍል፣ ስለ ሥራ ሂደት፣ ስለ ፋይል ዓይነትና ስለ ጥራት ቁጥጥር የሚናገሩ ክፍሎች አሉ። አንድ ሰው ሰነዱን እንደ ትረካ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያነብበው አይጠበቅበትም፤ በእጁ ያለውን ዕቃ ሠንጠረዥ አውጥቶ ሥራውን መጀመር ይችላል። ለሚሠራበት ሰው ታስቦ የተዋቀረ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

የሰነዱ ታላቅ ስኬት ቀለምን ከጣዕም ክርክር አውጥቶ ወደ መለኪያ ማምጣቱ ላይ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ቀለማቸው አስቀድሞ በመሣሪያ የተለካ ናሙናዎች ያሉበት ሰሌዳ እንደ ማንኛውም ዕቃ በካሜራው ይነሣል። ካሜራው ያወጣው ቀለም ከተለካው ጋር ይነጻጸራል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ዴልታ ኢ 2000 በሚባለው ቀመር ይሰላል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ካሜራው ለሰሌዳው የበለጠ ታማኝ ሆኗል ማለት ነው። ስሌቱን የሚሠራው ኦፕንዳይስ የተባለ ሶፍትዌርም በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በኩል በነጻ ይገኛል። በዚህ መንገድ «ለእኔ ትንሽ ቀላ ብሏል»፣ «ለእኔ ደህና ነው» የሚለው ሙግት ያከትማል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ብልሃትም አለው። ስሕተትን በጅምላ አይቆጥርም፤ ለየብቻ ይለያየዋል። የነጭ ሚዛን ስሕተት አንድ ነው፤ የብርሃን አለመስተካከል ሌላ ነው፤ ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚሄደው የድምቀት አካሄድ ሦስተኛ ነው፤ የቀለም ትክክለኛነት አራተኛ ነው። ስላይድ በካሜራ ሲገለብጥ የኖረ ሰው የዚህን ክፍፍል ዋጋ ያውቃል። ከፊቱ ያለው ቅጂ ደስ ባላለው ጊዜ ሁሉ የቀለም ማስተካከያዎቹን በየተራ የሚያንቀሳቅስ ሰው አንዱን ስሕተት በሌላው ይሸፍናል እንጂ አያርመውም። የሥዕሉ አንድ ጠርዝ የጠቆረው የብርሃን ምንጩ ስላልተስተካከለ ከሆነ የትኛውም የቀለም ማስተካከያ አያድነውም። መመሪያው ይህን የምርመራ ሥርዓት በማስተማሩ ከዘመዶቹ ሁሉ ይልቃል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቋንቋው ግን የኮሚቴ ቋንቋ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ትእዛዝ ናቸው፤ ይህን አድርግ፣ ይህን አታድርግ፣ ይህ ከዚህ አይብለጥ። ቃናው የተረጋጋ ነው፤ አይመጻደቅም፤ ሊደረስበት የማይችለውን ቃል አይገባም። ለዚህ ጨዋነቱ አክብሮት አለኝ። ነገር ግን በሠንጠረዦቹ ውስጥ ምክንያትና ውጤት ተለያይተው ይኖራሉ። አንባቢው ምን ላይ መድረስ እንዳለበት ያውቃል፤ ካልደረሰ ለምን እንዳልደረሰ ለመረዳት ግን ሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርበታል። ቁጥር ያለ ምክንያት ሲነገር አማኝ ያበዛል እንጂ ባለሙያ አያፈራም። በተለይ ስለ ስላይድ ሲሆን ይህ ጉድለት ጎልቶ ይወጣል፤ ምክንያቱም ስላይድ ከወረቀት በጣም የተለየ ባሕርይ አለው።

ወደ ስላይዱ ሠንጠረዥ እንግባ። በ2016ቱ እትም ከ35 ሚሊ ሜትር እስከ 4 በ5 ኢንች ላሉ ስላይዶች አራት ኮከብ የሚጠይቀው 4000 ፒክስል በኢንች ነው። 36 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የስላይድ ፍሬም በዚህ ልክ ሲሰላ ወደ 5670 ፒክስል ገደማ ይሆናል። 6000 ፒክስል ስፋት ያለው ባለ 24 ሜጋፒክስል ሙሉ ፍሬም ካሜራ፣ ስላይዱን በእኩል መጠን በሚያነሣ ማክሮ ሌንስ ሲታገዝ ይህን ያልፋል፤ ግን ብዙ ትርፍ አይኖረውም። ፍሬሙ ትንሽ ከጠበበ ወይም ስላይዱ ትንሽ ከተጣመመና መከርከም ካስፈለገ ያቺ ትርፍ ታልቃለች። ይህ ምክንያታዊ ወሰን ነው። ከውድ የፊልም ስካነር ውጪ አማራጭ የለም ብሎ ለሚያስብ ትንሽ ቤተ መዛግብትም በር ከፋች ነው። በምስል ዝርዝር በኩል በሠንጠረዡ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ሠንጠረዡ ስላይዶችን የመደበበት መንገድ ላይ ነው። ምደባው በመጠን ነው፤ እስከ 4 በ5 ኢንች ያሉት በአንድ ወገን፣ ከዚያ የሚበልጡት በሌላ ወገን። ለምስል ዝርዝር ይህ ትክክል ነው። ለቀለም ግን የስላይድ ዘሩ እንጂ መጠኑ ወሳኝ አይደለም። ኮዳክሮም በ1935 ወደ ገበያ የገባ፣ ሊዮፖልድ ማንስና ሊዮፖልድ ጎዶውስኪ የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች ከኮዳክ ቤተ ሙከራ ጋር ሆነው የፈለሰፉት ፊልም ነው። ፊልሙ ሲመረት ቀለም ሰጪ ኬሚካል በውስጡ አልነበረም፤ ሳያን፣ ማጀንታና ቢጫ ማቅለሚያዎቹ የሚገቡት በእጥበት ጊዜ ነበር። በ1946 የመጣው ኤክታክሮም ግን ቀለም ሰጪዎቹን በራሱ ንብርብሮች ውስጥ ይዞ ነው የሚመረተው። ሁለቱ ፊልሞች ስማቸውና ፋብሪካቸው ቢቀራረብም በውስጣቸው ያሉት ማቅለሚያዎች አንድ አይደሉም፤ ብርሃንን የሚያስቀሩበት የሞገድ ርዝመትም ይለያያል።

ይህ ልዩነት ለዓይን አይታይም፤ ለካሜራ ግን ይታያል። የካሜራ ሴንሰር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች ከሰው ዓይን ጋር በትክክል አይገጥሙም። ስለዚህ በሰው ዓይን አንድ ዓይነት ግራጫ የሆኑ የኮዳክሮምና የኤክታክሮም ቦታዎች በካሜራው ሁለት የተለያዩ ግራጫዎች ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ኮዳክሮም ሲገለበጥ ወደ ሰማያዊ ያጋድላል የሚለው የብዙዎች ስሞታ ከዚህ የመጣ ነው። ስላይዱ በመብራት ሰሌዳ ላይ ሲታይ ሞቅ ያለና የረጋ ነው፤ በኤክታክሮም ሰሌዳ በተሠራ ፕሮፋይል (የካሜራውን ቀለም በሚያርም ፋይል) ሲገለበጥ ግን ጥላው ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። ባለሙያው ካሜራውን ይጠረጥራል፤ መብራቱን ይጠረጥራል፤ የራሱንም ዓይን ይጠረጥራል። ጥፋቱ ግን ለአንዱ ፊልም የተሠራውን መለኪያ ለሌላው ማዋሉ ነው።

እዚህ ላይ የዴልታ ኢ ቁጥር ያለውን ወሰን ማስመር ያስፈልጋል። ለስላይድ የሚያገለግለው የታወቀ ሰሌዳ አይቲ 8.7/1 ይባላል፤ 264 የቀለም ናሙናዎችና 24 የግራጫ ደረጃዎች አሉት፤ ራሱም በፊልም ላይ የተሠራ ነው። ኮዳክ ኪው 60 በሚል ስም ለኤክታክሮም አንድ፣ ለኮዳክሮም ሌላ ሰሌዳ ያወጣ የነበረው ይህን ልዩነት ስለሚያውቅ ነው። የኮዳክሮም ምርት በ2009 እንዲቆም ተወሰነ፤ ፊልሙን ያጥብ የነበረው የመጨረሻው ቤት፣ በካንሳስ ግዛት ፓርሰንስ ከተማ የነበረው፣ በ2010 መጨረሻ ሥራውን አቆመ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ ፊልም ላይ የኮዳክሮም ሰሌዳ መሥራት አይቻልም፤ ያሉት ቀድሞ የተሠሩት ናቸው። እንግዲህ አንድ ተቋም በኤክታክሮም ሰሌዳ አራት ኮከብ አገኘሁ ቢል ቁጥሩ ውሸት አይሆንም። የመሰከረው ግን ስለ ሰሌዳው ነው፤ በመሳቢያው ስላሉት የኮዳክሮም ስላይዶች ምንም አልተናገረም። መመሪያው ሠንጠረዡን በመጠን ሳይሆን በማቅለሚያ ዘር ቢከፍለው፣ ወይም ቢያንስ ኮከቡ የትኛውን ፊልም እንደሚመለከት እንዲጻፍ ቢያስገድድ ኖሮ ይህ መዘናጋት ባልመጣ ነበር። ከሁሉም የሚከብደው ጉድለቱ ይህ ነው።

ስለ ብርሃን ምንጭም ተመሳሳይ ነገር ማለት ይቻላል። በገበያ ያሉ የኤልኢዲ መብራቶች ሲአርአይ በተባለ፣ መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ በሚለካ ቁጥር ይሸጣሉ፤ 95 ወይም 97 የተጻፈበት መብራት ገዢውን ያረጋጋዋል። ያ ቁጥር የሚሰላው ግን ብዙም ባልደመቁ ስምንት ናሙናዎች አማካይ ነው፤ የደመቀውን ቀይ የሚመለከተው አር 9 የሚባለው መለኪያ በአማካዩ ውስጥ የለም። ነጭ ኤልኢዲ ብዙውን ጊዜ በሰማያዊው በኩል ረጅም ጫፍ፣ ቀጥሎም ወደ 480 ናኖ ሜትር አካባቢ ጎድጓዳ ቦታ አለው። በወረቀት ላይ ይህ ጎድጓዳ ቦታ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። በስላይድ ላይ ግን ብርሃኑ በሦስት ንብርብር ማቅለሚያ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ በመብራቱ ውስጥ የሌለውን ሞገድ ደግሞ ሴንሰሩ ከየትም አያመጣውም። ፍላሽ ከዚህ አንጻር እስካሁን የሚታመን ምንጭ ነው፤ ስፔክትረሙ የተያያዘ ነው። ኤልኢዲ የሚጠቀም ሰው ከጥቅሉ ቁጥር በተጨማሪ አር 9ንም ይጠይቅ።

የስላይድን ሌላ ባሕርይ ደግሞ ብዙ ጠቢባን የተባሉ ሰዎች ሲስቱት አይቻለሁ። ስላይድ ያለቀ ሥዕል ነው። ፊልሙ ሲሠራ በጨለማ ክፍል ውስጥ በፕሮጀክተር እንዲታይ ታስቦ ነው፤ ስለዚህ ከገሃዱ ዓለም የበለጠ ኮንትራስት ሆን ተብሎ ተሰጥቶታል። የካሜራ ጥሬ ፋይል የሚከፍቱት ሶፍትዌሮች ግን ፊት ለፊታቸው ያለው ገሃዱ ዓለም ነው ብለው ያምናሉ፤ ሳይጠየቁ ኮንትራስት የሚጨምር ኩርባ ይጭኑበታል። በዚህ ምክንያት ስላይዱ ሁለት ጊዜ ኮንትራስት ይሰጠዋል። የሰው ፊት ይቃጠላል፤ ጥላው ይደፈናል፤ ቀይና ብርቱካናማው ይጮኻል። ይህን ያየ ሰው «ካሜራው ቀለም ያበላሻል» ይላል፤ መድኃኒቱ ግን ኩርባውን ቀጥተኛ ማድረግ ብቻ ነው። የፋድጂ የድምቀት አካሄድ መለኪያ ይህን ስሕተት ወዲያውኑ ያጋልጣል፤ ይህ ለመለኪያው ትልቅ ምስጋና ነው። በሦስት መስመር ምክንያቱን ጨምሮ ቢያብራራው ግን ስንት ሰው ከስንት ድካም በዳነ ነበር።

የባዘነ ብርሃን ጉዳይም በቁጥር ሲታይ ያስደንቃል። የጥሩ ስላይድ ጥቁር ክፍል ጥቁረቱ በሎጋሪዝም መለኪያ እስከ 3.6 ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ከሚገባው ብርሃን አራት ሺህኛ ያህሉን ብቻ ያሳልፋል ማለት ነው፣ በፎቶግራፍ አንሺዎች አነጋገር 12 ስቶፕ ገደማ። አሁን ከስላይዱ ክፈፍ ውጪ ያለው መብራት ወደ ሌንሱ ገብቶ ግማሽ በመቶ የሚሆን ብርሃን በሥዕሉ ላይ ቢበትን፣ ካሜራው ከ2.3 የበለጠ ጥቁረት ማየት አይችልም። የተቀረው ጥቁረት ሁሉ ይጠፋል፤ በቦታው የሚመጣው የመብራቱ ቀለም ነው። ስለዚህ በስላይዱ ዙሪያ ያለውን ብርሃን በጥቁር ካርቶን መሸፈን ከማንኛውም ውድ ሌንስ ይበልጣል። ክፍሉን ማጨለም፣ በካሜራውና በስላይዱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ መከለል፣ የሌንሱን መስታወት ማጽዳት፤ እነዚህ ርካሽ ነገሮች በቀለም ትክክለኛነት ላይ ያላቸው ድርሻ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ነው።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ስለ መሣሪያ ነው። ከዚህ የሚጠልቀው ጥያቄ ግን ታማኝነቱ ለማን ነው የሚለው ነው። ለስላይዱ ዛሬ ላለበት ሁኔታ? ስላይዱ ከእጥበት በወጣበት ቀን ለነበረው ቀለም? ወይስ ፎቶ አንሺው በዓይኑ ላየው ትእይንት? መመሪያው የሚቆመው ለመጀመሪያው ነው፤ ማስተር ፋይሉ፣ ማለትም ሳይነካ የሚቀመጠው ዋናው ቅጂ፣ ዕቃውን ዛሬ እንዳለ ያሳይ ይላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ተርጓሚ የደራሲውን ስሕተት በራሱ ፈቃድ እያረመ ቢሄድ የመጽሐፉን አንባቢ እንደሚያሳስት፣ ማስተር ፋይል ላይ የደበዘዘውን «ያደሰ» ባለሙያም የነገውን ተመራማሪ ያሳስታል። የደበዘዘበት ሁኔታም መረጃ ነው።

ነገር ግን መስማማት በቂ አይደለም፤ ምክንያቱም ብዙ ስላይዶች ዛሬ ያሉበት ሁኔታ ለማንም የማይጠቅም ቀይ ጭጋግ ነው። ሄንሪ ዊልሄልም በ1993 ባሳተመው ስለ ቀለም ፎቶግራፎች ዕድሜና አጠባበቅ በሚናገረው 744 ገጽ መጽሐፉ ይህን በሰፊው አሳይቷል። ኮዳክሮም በጨለማ ሲቀመጥ ለብዙ ዘመን ይጸናል፤ በፕሮጀክተር ብርሃን ፊት ግን ቶሎ ይደክማል። የቀድሞዎቹ የኤክታክሮም ዘሮች ደግሞ በመሳቢያ ውስጥ ተዘግተውም ቢሆን ሳያን ማቅለሚያቸውን ያጣሉ፤ የሚቀረው ማጀንታና ቢጫ ስለሆነ ሥዕሉ ይቀላል። እንግዲህ ሁለት ስላይዶች በአንድ ሣጥን ውስጥ ለሃምሳ ዓመት ቢቀመጡ አንዱ እንደ ድሮው፣ ሌላው ደም የለበሰ ሊሆን ይችላል። የነጭ ሚዛን ማስተካከያ ይህን አያድነውም። ማቅለሚያው የሚጠፋው በነበረበት መጠን ልክ ነው፤ ብሩህ በሆነው ሰማይ ላይ ጥቂት ነበር፣ ጥቂት ይጠፋል፤ በጥላው ላይ ብዙ ነበር፣ ብዙ ይጠፋል። ስለዚህ ጥላውን ለማዳን ሥዕሉን ሁሉ ወደ ሳያን ብንገፋው ሰማዩ ይበላሻል። መፍትሔው የቀዩን ቻናል ኮንትራስት ለብቻው ከፍ ማድረግ ነው። ይህ ግምት አይደለም፤ የማቅለሚያውን ኬሚስትሪ ተከትሎ የሚሄድ እርማት ነው። ለእድሳት ቅጂ የሚሆን እንዲህ ያለ ሥርዓት ከማስተሩ ጎን ቢቆም ኖሮ የመመሪያው ታማኝነት ሙሉ በሆነ ነበር። አሁን ባለበት ሁኔታ በታማኙና በጠቃሚው መካከል ያለውን ርቀት ለእያንዳንዱ ተቋም ግምት ትቶታል።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1960ዎቹና 70ዎቹ በኢትዮጵያ የተዘዋወሩ የውጭ አጥኚዎች፣ ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ መምህራንም ካነሧቸው ባለቀለም ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ስላይዶች ናቸው። ማይክል ገርቨርስ ከቶሮንቶ፣ ኤቫ ባሊትስካ-ቪታኮውስካ ከኡፕሳላ ሆነው የመሠረቱት «መዝገበ ሥዕላት» የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ፎቶግራፎች ሰብስቦ ለአጥኚዎች ያቀረበ ሥራ ነው። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን የጎንደር ዘመን አሣሣል ከሚለዩት ምልክቶች አንዱ የቀለም አጠቃቀም ስለሆነ፣ እንዲህ ላሉ ሥዕሎች የቀለም ትክክለኛነት የማስዋብ ጉዳይ አይደለም፤ የጥናት ማስረጃ ነው። ወደ ቀይ ያጋደለ ስላይድ ያለ ማስጠንቀቂያ ቢቀርብ፣ ሥዕሉን በአካል ያላየ ተማሪ የሠዓሊውን ቀለም ሳይሆን የፊልሙን እርጅና እያጠና ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ በየቤቱ የሚሠራ ስሕተት ላንሣ። የቤተሰብ ስላይድ የሚገለብጥ ሰው የነጭ ሚዛን ሲፈልግ ዓይኑ ወዲያው በሥዕሉ ውስጥ ያለ ነጠላ ላይ ያርፋል፤ ነጭ ነው ብሎ ይነካዋል። ነጠላው ግን በዛፍ ጥላ ሥር ከሰማዩ ሰማያዊ ብርሃን ተቀብሎ ሊሆን ይችላል፤ ያን ሰማያዊ «ነጭ» ካደረገው የሰዎቹ ፊት ሁሉ ቢጫ ይሆናል። የነጭ ሚዛን የሚወሰደው ከስላይዱ ውስጥ አይደለም፤ ስላይዱ ሳይገባ ከባዶው መብራት ነው። ከዚያ በኋላ በቅጂው ላይ የሚታየው ማጋደል የስላይዱ የራሱ ነው፤ ይታረም አይታረም የሚለው በሌላ ቅጂ ላይ የሚወሰን ነው። በዚህ ረገድ የፋድጂ አካሄድ፣ መጀመሪያ መሣሪያህን ለካ፣ ከዚያ ዕቃህን አንሣ የሚለው፣ ለተቋም ብቻ ሳይሆን በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰውም ትክክል ነው።

የኮከቡን ሥርዓት በተመለከተ ሁለት ልብ ነኝ። በአንድ በኩል ለገዢና ለሻጭ የጋራ ቋንቋ ሰጥቷል፤ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሥራውን ለኮንትራክተር ሲሰጥ «ሦስት ኮከብ» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ሥራው ሲመጣም መፈተሽ ይችላል። በሌላ በኩል ኮከብ ራሱን ችሎ ግብ ይሆናል። ሰሌዳውን ለማለፍ የተስተካከለ ፕሮፋይል በሰሌዳው ላይ ያበራል፤ በሰው ቆዳና በቅጠል ላይ ምን እንደሚያደርግ ማንም አይጠይቅም። ይህ የአዘጋጆቹ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ መለኪያ ባለበት ሁሉ የሚገጥም ነው። አዘጋጆቹ ግን ከሰሌዳው ጋር ጥቂት እውነተኛ ስላይዶች በመብራት ሰሌዳ ላይ በዓይን እንዲነጻጸሩ በደረጃው ውስጥ ቢያካትቱ ጉዳቱን መቀነስ ይችሉ ነበር።

ለፍትሕ ሲባል ከአቻዎቹ ጋር ላስተያየው። ኔዘርላንዶች ያዘጋጁት ሜታሞርፎዜ የተባለው መመሪያ በቀለም ጥብቅነቱ የሚደነቅ ነው፤ ዋና ትኩረቱ ግን የወረቀት ቅርስ ነው። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ 19264-1ም በርእሱ ራሱን ብርሃን በሚያንጸባርቁ ዕቃዎች ላይ ወስኗል፤ ስላይድ አይገባበትም። ለስላይድ የራሱን ሠንጠረዥ የሰጠው ፋድጂ ነው። ከላይ የዘረዘርኋቸው ነቀፌታዎች ሁሉ ሊነሡ የቻሉትም የሚነቀፍ ነገር ስላስቀመጠ ነው።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። በመለኪያ ሥነ ሥርዓቱ፣ ስሕተትን ለይቶ በማየቱና በነጻ በመለቀቁ የፋድጂ መመሪያ በመስኩ ካሉት ሁሉ የላቀ ነው፤ ስላይድን በካሜራ ለመገልበጥ የሚነሣ ተቋም ያለ እርሱ መጀመር የለበትም። ስላይድን በመጠን እንጂ በማቅለሚያ ዘር አለመመደቡና ለደበዘዘው ፊልም መንገድ አለማሳየቱ ግን በቀጣዩ እትም ሊታረም የሚገባው እውነተኛ ጉድለት ነው። እስከዚያው ስላይድ በእጁ ያለ አንባቢ በመመሪያው ላይ አራት ነገሮች ይጨምርበት፦ ክፈፉ ላይ የተጻፈውን የፊልም ስም ከፋይሉ ጋር ይመዝግብ፤ ለእያንዳንዱ የፊልም ዘር የየራሱን ፕሮፋይል ይሥራ፤ የሰሌዳውን ጥሬ ፋይል ከስላይዶቹ ጥሬ ፋይሎች ጋር አብሮ ያስቀምጥ፤ የታደሰውን ቅጂ ከማስተሩ ለይቶ «የታደሰ» ብሎ ይሰይመው። ስላይዱን ራሱን ደግሞ አይጣለው።